ፋኖሱ ይሰቀላል፣ ኩራዙ ይጣላል

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛውን የናስ ማሾ አሳየኝ። ናሱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። የላምባ መያዣው ግን ከሥር ተበስቶ የኤሌክትሪክ ገመድ ገብቶለታል፤ በክሩም ቦታ አምፖል ተተክቷል። «አማረ አይደል?» አለኝ። በእርግጥ አምሯል፤ ማሾነቱ ግን ቀርቷል።

በአሮጌ መብራት ሰብሳቢዎች ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው። ብዙዎቹ ገንዘባቸውን የሚያወጡት ለናሱ፣ ለባለቀለሙ ብርጭቆና ለፋብሪካው ስም ነው። ጥበቡ ያለው ግን ክሩ የሚነድበት አፍ ላይ ነው። ብርጭቆው ነፋስ ከመከለል አልፎ፣ የሞቀውን አየር ወደ ላይ እየሳበ ለነበልባሉ ከሥር ንጹሕ አየር ያስገባል። ብዙዎቻችን መያዣ የሚመስሉን የፋኖስ የጎን ቱቦዎችም የአየር መንገድ ናቸው። ጆን ኧርዊን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ባወጣው አሠራር፣ ከላይ የገባው ንጹሕ አየር በቱቦዎቹ ወርዶ ነበልባሉን ያደምቀዋል። ዲትዝ የተባለው የኒው ዮርክ ፋብሪካ ስሙን የተከለው በእንዲህ ዓይነት ፋኖሶች ነው።

እኛስ? «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ የባዕዱን ፋኖስ በየሳሎናችን ስንሰቅል ኩራዝን ከቁም ነገር አልጻፍነውም። ከባዶ ቆርቆሮና ከጨርቅ ክር የተሠራ፣ የፋብሪካ ስም የሌለው ነገር ማን ይሰበስባል? ስንቱ ፊደል የቆጠረው ግን በእሱ ብርሃን ነው።

በአንጻሩ ኩራዝን በናፍቆት ብቻ የሚያሞግሱም አሉ። እነሱም የሚነግሩን ግማሹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ እንደ ኩራዝ ያለ ቀላል ባለክር መብራት ከሚያነደው ላምባ በክብደት ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው ጥላሸት ሆኖ እንደሚወጣ አሳይቷል። የጠቆረው ጣሪያና ጠዋት ጠዋት ከአፍንጫችን ይወጣ የነበረው ጥላሸት ለዚህ ምስክር ናቸው። አየር የሚስብለት ብርጭቆ ስለሌለው ነዳጁ በቅጡ አይነድም። እንግዲህ ኩራዙን ከፋኖሱ ያሳነሰው የቆርቆሮው ርካሽነት ሳይሆን የአየር እጥረት ነው።

ስለዚህ ሰብሳቢ ወገኖቼ፣ እባካችሁ መብራቱን አትብሱት። ክሩን ከርክማችሁ፣ ላምባ ሞልታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ አልፎ አልፎ አብሩት። ከጎኑም አንድ ኩራዝ አስቀምጡ። ልጆቻችን አንዱ ለምን እንደሚያጨስ፣ ሌላው ለምን እንደሚደምቅ ይጠይቁናል። መልሱን ስንነግራቸው ስለ አያቶቻቸው ቤትም መናገራችን አይቀርም።

ቸር ይግጠመን።