ብርሃን የሚያሳልፈው ድራም
ስለ ጎደለ መሣሪያ ጥገናና ስለ ሐቀኝነት የቀረበ ሂስ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል የአገራችን ተረት። አባባሉ ከማንም ይበልጥ የሚስማማው አካሉ የጎደለ አሮጌ የአክሪሊክ ድራም በርካሽ ገዝቶ ወደ ቀድሞ ይዞታው ለመመለስ ለተነሣ ሙዚቀኛ ነው። በሻጩ ዘንድ ሳለ እንደ ባለቀለም መስተዋት ያብረቀርቅ የነበረው መሣሪያ በገዢው እጅ ከገባ በኋላ የተሰነጠቀ ገላውን፣ የጎደሉ ቡሎኖቹንና የተጣመሙ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ይገልጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥገናን ዘዴ መዘርዘር ብቻ አይደለም። ጥገና ራሱ የሥነ ውበት ፍርድ የሚጠይቅ ተግባር መሆኑን፣ በተለይም ገንዘብ ውስን ሲሆን የትኛው መቅደም፣ የትኛው ደግሞ መቆየት እንዳለበት መመርመር ነው።

ቁሱና ዝናው

አክሪሊክ እ.ኤ.አ. በ1933 በጀርመን አገር «ፕሌክሲግላስ» በሚል የንግድ ስም ከታወቀ ወዲህ መስተዋትን ተክቶ ሲያገለግል የኖረ ቁስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን አብራሪዎች መቀመጫ ክዳን ከእርሱ ይሠራ ነበር። ለድራም ሥራ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ የካንሳስ ሲቲው ድራም መቺ ቢል ዚኮስ ነው። ቁሱን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1909 በቺካጎ የተመሠረተው የሉድዊግ ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 «ቪስታላይት» ብሎ የሰየመውን ድራም ለገበያ አቀረበ። ቀለም የለሹ፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫውና የማር መልክ ያለው በተከታታይ ወጡ፤ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ቁራጮች ተጣብቀው የተሠሩ ኅብረ ቀለማማ ድራሞችም ተጨመሩ።

የሌድ ዘፔሊኑ ጆን ቦናም እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የማር መልክ ባለው ቪስታላይት ሲጫወት ተቀረጸ፤ ፊልሙም በ1976 ለሕዝብ ታየ። ከዚያ ወዲህ ያ መልክና የቦናም ድምፅ በብዙዎች አእምሮ ተዋሕደው ቀሩ። የዚያ ቀለም ዋጋ ከሌሎቹ ልቆ መገኘቱም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሐያሲ ሊቆምበት የሚገባው የመጀመሪያው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በቦናም ስም እጅግ የሚወደሰው የድራም ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው በቡድኑ አራተኛ አልበም የመጨረሻ ዘፈን ላይ የሚሰማው ነው። ይህም የተቀዳው በእንግሊዝ አገር በሚገኘው ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ ቤት፣ ከፍ ባለ የደረጃ አዳራሽ ውስጥ፣ ከላይ በተሰቀሉ ማይክሮፎኖች ነበር። ቪስታላይት በዚያን ጊዜ ገና ለገበያ አልቀረበም። እንግዲህ ያን ግርማ የሰጡት የመቺው ክንድ፣ የቆዳው አወጣጠር፣ የክፍሉ ጥልቀትና የማይክሮፎኖቹ አቀማመጥ ናቸው። አክሪሊክ ጠንካራና ጎላ ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ ባይካድም፣ ለቀለሙ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍል ሰው ድምፅ ሳይሆን ትዝታ እየገዛ መሆኑን አውቆ ቢገዛ ይበጃል። ገንዘብ ያጠረው ጠጋኝ ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ዝናው ያልነካውን ቀለም ይምረጥ።

ምን ይቅደም?

የተለመደው ስብስብ ባለ 22 ኢንች ቤዝ ድራም፣ ባለ 12ና ባለ 13 ኢንች ቶሞች፣ እንዲሁም ባለ 16 ኢንች የወለል ቶም ይይዛል እንበል። ቤዝ ድራሙ በሁለቱ ፊቶቹ 20፣ የወለል ቶሙ 16፣ ሁለቱ ትንንሽ ቶሞች እያንዳንዳቸው 12 ማጥበቂያ ቡሎን ይፈልጋሉ። ስኔሩ ሳይቆጠር 60 ይሆናል ማለት ነው። ከእነዚህ ሲሶው ቢጎድል ነገሩ አስፈሪ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ከጉድለቶች ሁሉ የሚቀለው ይህ ነው። የአሜሪካ ድራሞች በአብዛኛው 12-24 የሚባለውን የቡሎን ጥርስ ልክ ስለሚጋሩ፣ ዛሬ የሚሠራ ተራ ቡሎን የሃምሳ ዓመት ድራም ላይ ይገባል። እንደ ሶኖር ያሉት የጀርመን ድራሞች ግን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ስለነበራቸው ሳይለኩ መግዛት ኪሳራ ነው። ቡሎኑን የሚይዘው ጆሮ ከጎደለም ከመልኩ አስቀድሞ የቀዳዳዎቹ ርቀት ይለካ። ጆሮውን ለቀዳዳው መፈለግ ብልኅነት ነው፤ ለጆሮው ሲባል አክሪሊኩን እንደገና መብሳት ግን አዲስ ስንጥቅ መጥራት ነው።

ከባዱ ችግር ገላው ነው። አክሪሊክ የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ከቪቴዎች ቀዳዳ ዙሪያ ተነሥቶ፣ ወይም ጠፍጣፋው ሉህ ተጠቅልሎ በተገጣጠመበት መስመር ላይ ነው። ስንጥቁ እንዳይቀጥል በጫፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች ክብ ቀዳዳ በዝግታ በሚዞር ትራፓኖ ትበሳለች። ከዚያም የአክሪሊክ ማጣበቂያ ፈሳሽ በስንጥቁ ውስጥ እንዲሰርግ ይደረጋል። ይህ ፈሳሽ ሁለቱን ወገኖች በጥቂቱ አሟምቶ አንድ የሚያደርግ እንጂ እንደ ተራ ሙጫ በመካከላቸው የሚጋገር አይደለም። ትነቱ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ሥራው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይከናወን። ቶሎ የሚደርቀው የገበያ ሙጫ ነጭ ጉም ስለሚተው አይመከርም። ቪቴዎቹ ሲመለሱም ከሥራቸው የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ፤ ካቻቢቴውም በልክ ይጥበቅ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቆዳው የሚያርፍበት ጠርዝ ነው። በእንጨት ድራም ላይ ጠርዙ የሚፈተነው ድራሙን በጠፍጣፋ ነገር ላይ ደፍቶ፣ በውስጡ መብራት አብርቶ፣ በጠርዙ ሥር የሚያፈተልከውን ብርሃን በማየት ነው። የአክሪሊክ ገላ ግን ብርሃንን በሁሉም ወገን ስለሚያሳልፍ ይህ ዘዴ ያታልላል። በወፍራም መስተዋት ላይ ደፍቶ ቀጭን ወረቀት ዙሪያውን መሞከር ይሻላል፤ ወረቀቱ የሾለከበት ቦታ ጎድሏል ማለት ነው። ማስተካከያው በመስተዋቱ ላይ የተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃና ትዕግሥት ነው፤ ቁሱ በሙቀት ስለሚለሰልስ ፈጣን መሣሪያ ጠርዙን ያበላሻል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

ማብረቅረቅ የመጨረሻው ተግባር ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ግን በእርሱ ይጀምራል። አልኮል ወይም አሞንያ ያለበት የመስተዋት ማጽጃ በተወጠረ አክሪሊክ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ንቃቃት ያወጣል፤ ለብ ያለ ውኃና ቀላል ሳሙና ይበቃል። ጥልቅ ጭረት ካለ ከ800 ቁጥር እስከ 2000 ቁጥር በሚደርስ እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ደረጃ በደረጃ ከተፈተገ በኋላ በፕላስቲክ ማወልወያ ይታሻል።

ሦስት አመለካከቶች

በዚህ መስክ ሦስት አመለካከቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የሰብሳቢው ነው፤ ከዘመኑ ያልሆነ አንዲት ቪቴ እንኳ እንድትገባ አይፈቅድም። ለታሪክ ያለው አክብሮት የሚመሰገን ሲሆን፣ ውጤቱ ግን መሣሪያው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የአስዋቢው ነው፤ አሮጌውን አዲስ አስመስሎ፣ ስንጥቁን በተለጣፊ ሸፍኖ ይሸጣል። ይህ ገዢውን ማታለል ነው። ሦስተኛው መሣሪያው እንዲመታ የሚጠግን፣ የጠገነውንም የማይደብቅ ነው።

ይህ ጸሐፊ ከሦስተኛው ወገን ነው፤ ምክንያቱም ከቁሱ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። የእንጨት ድራም በለበሰው ቀለም ሥር ብዙ ነገር ሊደብቅ ይችላል። የአክሪሊክ ድራም ግን ውስጡ ከውጭ ስለሚታይ፣ የተጣበቀው መስመርና የተሞላው ቀዳዳ ብርሃን ባረፈበት ቁጥር ይመሰክራሉ። መደበቅ ካልተቻለ የሚቀረው በጥሩ እጅ ሠርቶ ማሳየት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አስተሳሰብ አይደለም። ብራና ፋቂ ቆዳው ሲወጠር የተቀደደውን ሰፍቶ ያልፈዋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል፤ ስፌት ያለበት መጽሐፍ ከክብሩ ዝቅ ሲል አላየንም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮም ቆዳው ሲያረጅ ይለወጣል፣ ጠፍሩም ይታደሳል፤ ማንም ሌላ ከበሮ ሆነ አይልም።

ከስብስቡ አንዱ ድራም ጭራሽ ቢጠፋስ? ተመሳሳዩን ለመግዛት የሚጠየቀው ዋጋ የቀሩትን ሁሉ ከተገዙበት ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ ጓደኛ ያጣ፣ ቀለሙ የተለየ አንድ ድራም ተፈልጎ ቢጨመር ነውር የለውም። ፋብሪካው ራሱ በአንድ ገላ ላይ ቀለሞችን ያፈራረቀ ስለሆነ፣ በሰማያዊዎቹ መካከል የቆመ ቢጫ የወለል ቶም የቁሱን ውበት አይቃወምም። የጠፋው በጊዜው ቢገኝም ይተካል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የሙዚቃ መምህራንና የኪነት ቡድን መሪዎች ከዚህ ሁለት ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። አንደኛ፣ የተጣለ መሣሪያ ከመወገዱ በፊት ገላውና ጠርዙ ይመርመር፤ እነዚህ ደኅና ከሆኑ የቀረው ጉድለት በጊዜ የሚሞላ ነው። ሁለተኛ፣ የተለወጠው ክፍል ሁሉ በወረቀት ተመዝግቦ ከመሣሪያው ጋር ይቀመጥ፤ ነገ የሚረከበው ሰው የትኛው የቀድሞው፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ለአዲስ ቆዳ ይዋል፤ ማወልወያው ይቆየን።