ሰሙን የሚሰማ ልጅ፦ ስለ «የለንደን ዐይን ምሥጢር»

የምርመራ ልብ ወለድ መርማሪውን ከሰው ኀዘን ውጭ ቆሞ የሚፈርድ፣ ቤት ቢኖረውም ቤተ ሰብ የማይታይለት እንግዳ አድርጎ ማቅረብን ከጥንት የለመደ ስለ ሆነ፣ ሺቮን ዳውድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ያሳተመችው «የለንደን ዐይን ምሥጢር» መርማሪውን በእናትና በአባት፣ በእኅትና በአክስት መካከል፣ ከማእዱ አጠገብ ማስቀመጡ ብቻውን ሊመሰገን ይገባዋል። ደራሲዋ መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ በካንሰር ዐረፈች።

ወደ ኒው ዮርክ ለመዛወር የተነሣችው አክስት ግሎሪያ ከልጇ ከሳሊም ጋር ከማንቸስተር መጥታ በለንደን በእኅቷ ቤት ታርፋለች፤ ልጆቹም 135 ሜትር ወደ ሰማይ የሚወጣውን፣ 32 የመስታወት ክፍሎች የተሸከመውንና አንዱን ዙር በ30 ደቂቃ ያህል የሚፈጽመውን «የለንደን ዐይን» የተባለውን ታላቅ መንኰራኵር ለማየት ይሄዳሉ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ላይ ሳሊም ከማያውቁት ሰው በተገኘ ቲኬት ብቻውን ይሳፈራል፤ ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ እጁን ያወዛውዛል። የአክስቱ ልጆች ቴድና ካት ክፍሉን ከሥር ሆነው በዐይናቸው ሲከተሉት ይቈዩና፣ በ6 ሰዓት ከ2 ደቂቃ በሩ ተከፍቶ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ሳሊም ከመካከላቸው ይታጣል።

ታሪኩን የሚተርክልን ቴድ የአየር ጠባይን ነገር ሌት ተቀን የሚያሰላስል የ12 ዓመት ልጅ ነው። አንጎሉ ከሌሎች ሰዎች በተለየ ሥርዓት እንደሚሠራ ራሱ ይነግረናል፤ ደራሲዋ የሁኔታውን ስም ባትጠራም፣ ነገሩ ከኦቲዝም ወገን መሆኑን አንባቢ አያጣውም። በእኛ በቅኔው ቋንቋ ብንናገረው፣ ቴድ ሰሙን እንጂ ወርቁን የማይሰማ ልጅ ነው። በቅኔ ቤት ከሰሙ ያላለፈ ተማሪ ገና ያልበሰለ ተብሎ ይቈጠራል፤ በዚህ መጽሐፍ ግን የሳቱት ወርቅ ፍለጋ የተጣደፉት ዐዋቂዎች ናቸው። ቴድ ከካት ጋር ዘጠኝ መላ ምቶችን በጽሑፍ ያሰፍራል፤ ሳሊም በራሱ እሳት ነዶ አልቋል የሚለው እንኳ ሳይቀር ይመዘገብና በተራው ይመረመራል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ይህን ዝርዝር ነው፤ ያስቃል፤ ደግሞም ማንኛውንም ሐሳብ ሳይመረምር የማይጥል የሕሊና ንጽሕና ይታይበታል። (መፍትሔውን አስቀድሞ ማወቅ የማይሻ አንባቢ የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ይለፈው።) የወጣ ሰው መውረዱ ግድ ከሆነ ሳሊምም ወርዷል፤ ነገር ግን በሌላ ልጅ ልብስ ተሰውሮ ስለ ወረደ ዐይን አላወቀውም።

የዳውድ ጥበብ የጠለቀው ግን ቤተ ሰቡ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ እናቲቱ ነርስ ናት፣ ልጇንም ከልቧ ትወደዋለች፤ ይሁን እንጂ ጭንቀት በቤቱ በገባ ጊዜ የቴድን ቃል የሚሰማ ጆሮ ይታጣል፤ ልጁም የደረሰበትን እውነት ለፖሊስ መርማሪዋ በስልክ ለመንገር ይገደዳል። ካት እንኳ፣ ወንድሟን በመጠበቅ የሰለቸች፣ የምትቈጣና የምታመናጭቅ ታላቅ እኅት ሳለች፣ ብዕርና ወረቀት ይዛ ከጎኑ የምትቀመጠው እርሷ ናት። የእኅትና የወንድም ፍቅር ያለ ማባበያ፣ እንዲህ በጥልና በሥራ መካከል ሲገለጥ ማንበብ ብርቅ ነው።

አንድ ነቀፌታ አለኝ። ማርክ ሃዶን በ2003 ባሳተመው፣ የተገደለ ውሻን ምሥጢር የሚከታተል ልጅ በሚተርክበት ልብ ወለድ እንደ ታየው ሁሉ፣ እዚህም ልጁ የቤተ ሰቡን አክብሮት የሚያገኘው በብሩህ አእምሮው ነው። ምሥጢር የማይፈታ፣ ቍጥር የማይወድ፣ ቃል የማይወጣው ልጅስ? እርሱም መደመጥ ይገባዋል፤ ይህ ዐይነቱ ልብ ወለድ ግን ለእርሱ ገና በሩን አልከፈተም።

ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ሊመልስ የሚነሣ ጸሐፊ ቢኖር፣ ቴድን የሚያደናግሩትን የእንግሊዝኛ ዘይቤዎች ቃል በቃል አያምጣብን። «አንጀቴን በላው»፣ «ልቤን አወለቀው» የሚሉ አክስቶች በየቤታችን አሉ፤ ቴድም አጠገባቸው ተቀምጦ የተበላው የትኛው አንጀት እንደ ሆነ በቅን ልቡና ይጠይቃቸው።