ወሬ የሸፈነው በሽታ

እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለመዝናናት ከሄዱ አሜሪካውያን አንዳንዶቹ ሲሞቱ «የሆቴሎቹ መጠጥ ተመርዟል» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ዜና ማሰራጫዎች ሟች በሟች ላይ ሲደምሩ፣ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ወደዚያ እንደሚሄዱና ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጥቂቶች በልብ ሕመም መሞታቸው እንደማይቀር በቅጡ አላስረዱም። ኤፍቢአይ የሦስት ሟቾችን ናሙና መርምሮ ያገኘው ውጤት፣ አሟሟታቸው ተፈጥሯዊ ነው ካሉት የአገሩ መርማሪዎች ጋር ተስማማ። እስከዚያው ግን ብዙዎች ጉዞአቸውን ሰርዘው፣ በእንግዳ የሚተዳደረው ሠራተኛ ሠግቶ ነበር።

በዚያው ዓመት በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ ትኩሳት በአሜሪካ አህጉር ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መያዙ ተመዝግቧል፤ ስለ እርሱ ግን ያን ያህል አልተወራም። ያልተጣራ ወሬ ንጹሑን ይወነጅላል፤ ጥንቃቄ ከሚያሻው ነገርም ያዘናጋል። ስለዚህ ቤተሰቡን ይዞ መንገድ ያሰበ ሰው ወሬኛን ትቶ ሐኪም ይጠይቅ።