ማህተም የሌለው መብራት

የባህል ምግብ ቤት ገብታችሁ አንድ ፋኖስ ተሰቅሎ ካላያችሁ ይገርመኛል። ዝገቱ ተፍቆ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ክሩ ወጥቶ በምትኩ አምፖል ገብቶበታል። እኔም ከሰብሳቢዎቹ ወገን ነኝ፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ አሮጌ የላምባ መብራት ማፈላለግ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ይህ ሂስ እኔንም ይመለከታል። “ብርቅ” የምንለውን ዕቃ ብርቅ ያደረገው ማነው?

ሰብሳቢ ፋኖስ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ማህተሙን ነው። ፎየርሃንድ የሚል ካለበት ጀርመን ሠራሽ ነው፤ “ምዕራብ ጀርመን” ከተባለ ደግሞ ከ1949 እ.ኤ.አ. በኋላ መሠራቱን እናውቃለን። ዲትዝ ከሆነ ታሪኩ በ1840 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ይጀምራል። ይህን ማወቅ ደስ ይላል፣ አልክድም። አሠራሩም ያስደንቃል። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቱቦዎች መያዣ ብቻ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው ሌላ ነው፤ አየር ከላይ ተቀብለው ወደ ነበልባሉ ያወርዳሉ። ነፋስ ብርጭቆውን ቢመታውም እሳቱ የሚተነፍሰው በቱቦው ስለሆነ ቶሎ አይጠፋም። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከከተማዋ ወጣ ስትሉ የሊማሊሞ ገደል ይጠብቃችኋል። እንዲህ ያለ አገር ላይ በሌሊት ከብት ለማየት ወይ አዋላጅ ለመጥራት ለሚወጣ ሰው ያ ቱቦ ጌጥ አይደለም።

ግን እኮ የብዙውን ሰው ቤት ያበራው ፋኖስ አልነበረም፤ ኩራዝ ነው። ባዶ ጣሳ ወይም ትንሽ ጠርሙስ፣ የተበሳ ክዳን፣ ከጥጥ ወይም ከአሮጌ ጨርቅ የተገመደ ክር፣ በቃ። ብርጭቆ የለውም፤ አየሩን የሚመጥንለትም ነገር የለም። ስለዚህ ላምባው በደንብ ሳይነድ ይጨሳል። ጠዋት አፍንጫውን ሲያብስ ጥላሸት ያየ ሰው ይህን ለማወቅ የኬሚስትሪ መምህር አያስፈልገውም።

ገበያ ላይ “አሮጌ ኩራዝ አለ?” ብዬ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ በሳቅ ነው። ማን ያስቀምጠዋል? ሲያፈስ ይጣላል። ፋኖስ ውድ ስለነበር ሣጥን ሥር ተቀምጦ እስከ ዛሬ ደረሰ፤ ኩራዝ ርካሽ ስለነበር ጠፋ። እንግዲህ ብርቅ ማለት ለማግኘት አስቸጋሪ ማለት ከሆነ ብርቁ ኩራዙ ነው። እኛ ግን የምንገዛው ማህተሙን ነው፤ ኩራዝ ደግሞ ማህተም የለውም፣ የሠራውም ሰው አልፈረመበትም።

በዚህ በኩል ቋንቋችን ከእኛ ይሻላል። ፋኖስ ከግሪክ ተነስቶ በዐረብ በኩል የመጣ ቃል ነው። ላምባ ደግሞ መነሻው የመብራቱ ስም ነበር፤ እኛ ጋ ሲደርስ የነዳጁ ስም ሆነ። ኩራዝም የማተሚያ ቤቱን በር አንኳኩቷል፤ በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን “ኦሮማይ” ያሳተመው ድርጅት ኩራዝ ይባል ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረበት ዘመን ለአሳታሚ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዛሬ ኩራዝ በግለ ታሪክና በምረቃ ንግግር ውስጥ ሜዳልያ ሆኗል። “በኩራዝ አጥንቼ እዚህ ደረስኩ” ይባላል፤ ይጨበጨባል። በኩራዝ አጥንታ ያልደረሰችውስ? ላምባው እንዳያልቅ ክሩን ዝቅ ስታደርግ ያመሸችው እናትስ? ወንድሟ እንዲያነብ ጨለማ ውስጥ ሊጥ ያቦካችው እህትስ? ኩራዝ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ብርሃን ነበር፤ ለማን እንደሚበራ የሚወስን ሰውም ነበር። እንደ ጀግንነት ምልክት ብቻ ስንጽፈው ይህ ሁሉ ይጠፋል። ምግብ ቤቱ ፋኖሱ ላይ ቀለም እንደቀባው ሁሉ እኛም ኩራዙን በቃል እየቀባነው ነው።

ደግሞም ነገሩ ገና “ጥንት” አልሆነም። ከደባርቅና ከዳባት ራቅ ባሉ ቀበሌዎች የመብራት መስመር ያልገባላቸው ቤቶች አሁንም አሉ። አንዳንዱ የፀሐይ መብራት ገዝቷል፤ አንዳንዱ አልገዛም። ከከተማ የመጣ ሰብሳቢ ብር ሲያወጣ ችግር ያለበት ቤት ፋኖሱን ይሸጣል። ያኔ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት “ዛሬ ማታ ምን ልታበሩ ነው?” የሚለው ነው። መልሱ “ምንም” ከሆነ ፋኖሱ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ተዉት።

ሰብስቡ እንጂ አትሰብስቡ አልልም። ጥላሸቱን ግን ሙልጭ አድርጋችሁ አትጠቡ፤ ከማህተሙ ይልቅ የሚናገረው እሱ ነው። ማን ገዛው፣ ክሩ ከምን ተገመደ፣ ላምባው ከየት መጣ፣ ማን አጠገቡ ተቀመጠ፣ ማን ራቅ አለ፤ ይህን ጻፉ። ዳባት ወይ ደባርቅ የሚያፈስ ኩራዝ ካገኛችሁም ግዙት። ርካሽ ነው፤ የሚሻማችሁም የለም።