«እናቴ እኮ አልቆፈረችም»

በዚህ ዕትም ስለ ጥቂት ግሶች እጽፍላችኋለሁ። የምነሣውም ራሴ ከሠራሁት ስሕተት ነው።

እዚህ ልደታ በማስተምረው የወጣቶች ክፍል ውስጥ አንዲት እህት የጻፈችውን ግጥም እንዳይላት ሰጠችኝ። ልጅ ሳለች ሰፈራቸው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ያየችውን ነበር የጻፈችው። በመጀመሪያው ክፍል ኤክስካቫተር መጥቶ ግቢያቸውን ይቆፍራል። በመጨረሻው እናቷ ፍርስራሹ ላይ ተንበርክካ ትጭራለች። እኔ «ጫረች» የሚለው አነሰብኝ። ዶሮ አስመሰላት ብዬ ሰረዝኩና «ቆፈረች» አልኩበት። እህታችን አክብራኝ ግጥሙን በእኔ ቃል በጉባኤ ፊት አነበበችው። ከጨረሰች በኋላ ወደ እኔ መጥታ በቀስታ፣ «ጋሼ፣ እናቴ እኮ አልቆፈረችም። መቆፈሪያ አልነበራትም» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ትምህርት ቤት ሳለን «በሀ ሥር ያሉትን ቃላት በለ ሥር ካሉት ተመሳሳዮቻቸው ጋር አዛምዱ» እየተባልን ነው ያደግነው። ማሰን ከቆፈረ፣ ጫረን ከቧጨረ አዛምደን ነጥባችንን እንወስዳለን። ለፈተና ይበቃል። ለሚጽፍ ሰው ግን አይበቃም፤ ተመሳሳይ ማለት አንድ ዓይነት ማለት አይደለምና። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ጫረ የጥፍር ሥራ ነው፤ ላይ ላዩን ይነካል። ዶሮ መሬት የምትጭረው የምትፈልገው ጥሬ ትንሽ ስለሆነ ነው። ክብሪትም ይጫራል። እናቶቻችን ከጎረቤት ፍም ሲወስዱ «እሳት ልጭር መጣሁ» ይሉ ነበር። በትንሽ ነገር ትልቅ እሳት የሚያስነሣውን ሰው «ጠብ ጫሪ» እንለዋለን። ጽሑፋችንንም በትሕትና ስናቀርብ «ጥቂት ጫር ጫር አደረግሁ» እንላለን።

ቆፈረ ግን ዶማ ወይም አካፋ ይፈልጋል። ወደ ታች ይወርዳል፤ ጊዜና ጉልበት ይበላል፤ ከኋላው ጉድጓድ ይተዋል። ማሰ ለቆፈረ በጣም ይቀርባል፤ ሆኖም «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ስንል እንጂ «ሥር ቆፋሪ» ስንል አንሰማም። ለሰው ጉድጓድ የሚምሰውም ብዙ ጊዜ ተንኰለኛው ነው። ቧጠጠ ጭንቅ አለበት፤ ዳገት ላይ መያዣ ያጣ ሰው በጥፍሩ ይቧጥጣል። ጎረጎረ ወደ ውስጥ ገብቶ ይነካካል፤ የሰው ምስጢር የሚጎረጉር አታጡም። ፈለፈለ ደግሞ የተለየ ነው። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈለፈሉ እንጂ ተቆፈሩ አንልም። የቆፋሪ ዓይን ጉድጓዱ ላይ፣ የፈልፋይ ዓይን ተፈልፍሎ በሚወጣው ነገር ላይ ነው።

ይህን ልዩነት የመጽሐፍ ቅዱሳችን ተርጓሚዎች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በሉቃስ ወንጌል የግሪክኛው «ስካፕቶ» የሚለው ግስ ሦስት ቦታ ይገኛል። በምዕራፍ 6 ቤቱን በዓለት ላይ የመሠረተው ሰው፣ በምዕራፍ 16 ከሥራው የሚባረረው መጋቢ፣ በምዕራፍ 13 ደግሞ ፍሬ ያጣችው በለስ አትክልተኛ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ ትርጉም ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መቆፈርን፣ ለበለሷ ግን መኮትኮትን መረጠ። ግሪክኛው አንድ ቃል ሳለ አማርኛው ለምን ሁለት ሆነ? አትክልተኛው ጉድጓድ አልፈለገም፤ ዛፏ እንድትድን ፈለገ። ዛፍ የሚቆፍር ሊነቅላት ይችላል፤ የሚኮተኩት ግን ተስፋ አለው። ልጅን «ኮትኩቶ አሳደገ» የምንለውም ለዚሁ ነው። በአንጻሩ በመዝሙር 7፥15 ዕብራይስጡ ሁለት ግሶችን ሲያስከትል፣ አማርኛውም ማሰንና ቆፈረን ጎን ለጎን አቆመ። ተርጓሚዎቹ ቃሉ ይድመቅ ብለው አልመረጡም፤ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቀው መረጡ እንጂ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በእጄ በሚያልፉ ግጥሞችና ምስክርነቶች ውስጥ ሁሉም ነገር ይቆፈራል። ስብከቱ ልብ ይቆፍራል፤ ዝማሬው ነፍስ ይቆፍራል፤ አንዲት ጥቅስም ሕይወት ትቆፍራለች። ወዳጆቼ፣ በእርግጥ ሁሉም ቆፍሯችኋል? «ግነት እኮ የግጥም መብት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ግነት ጸሓፊውም አንባቢውም ግነት መሆኑን ሲያውቁ ነው። ላዩን ብቻ የጫረንን ነገር «ቆፈረኝ» ብለን በጉባኤ ፊት ስንመሰክር ግን ሰሚው እውነት ብሎ ይቀበለናል። ያ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሐሰት ምስክርነት ጉዳይ ነው። ደግሞም ጫረ ለምን ይናቃል? አንድ ጊዜ የተጫረች ክብሪት ቤት ሙሉ እሳት ታስነሣለች።

የእህታችንን ግጥም እንደገና አነበብኩት። የግጥሙ ኃይል ያለው በእነዚያ ሁለት ግሶች መካከል ነበር። መኪናው ቆፈረ፤ እናቲቱ ጫረች። አንዱ ብረት አለው፤ ሌላዋ ጥፍር ብቻ። እኔ ቃሉን ሳስተካክል የመኪናውን ግስ ለእናቲቱ ሰጠኋትና በሁለቱ መካከል የነበረውን ርቀት አጠፋሁት። ምን ስትፈልግ እንደነበር ግጥሙ አይናገርም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ትንሽ ነገር መሆኑን ግን «ጫረች» ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ስለዚህ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት በየግሱ አጠገብ ቆም በሉና ጠይቁ፦ በምን? እስከ ምን ድረስ? ምን ፍለጋ? መልሱ ጥፍር ከሆነ ዶማ አትጻፉ። መዝገበ ቃላት ማገላበጥም ይረዳል፤ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አብሮን አለ። ከሁሉ በላይ ግን ነገሩን ያየውን ሰው ስሙ።

እህታችንን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። በግጥሙም ላይ የእኔን ቃል ሰርዤ የእርሷን መልሻለሁ። ጸጋ ይብዛላችሁ።