ዲግሪው ወይስ ሥራው? በነርሶች የደመወዝ አከፋፈል ላይ የቀረበ ሂስ

በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ሥር ሰዶ የቆየ አንድ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም ነርስ በተማረ ቁጥር ደመወዙ ያድጋል የሚል ነው። አስተሳሰቡ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ጎዶሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ጉድለት ማሳየትና ደመወዝን ከምስክር ወረቀት ጋር ብቻ ማቆራኘት በሕሙማን እንክብካቤ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት መጠቆም ነው።

በቅድሚያ የሌሎችን አገሮች ልምድ እንመልከት። በአሜሪካ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ያጠናቀቀ ነርስም ሆነ የአራት ዓመት ዲግሪ የያዘ ነርስ የሚፈተኑት አንድ ዓይነት የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ የሥራ መደብ ላይ እስከ ተሰማሩ ድረስ የክፍያ ልዩነታቸው ያን ያህል የሰፋ አይደለም። ልዩነቱ የሚሰፋው ነርሱ የራሱ ፈቃድና ተጠያቂነት ወዳለው ልዩ ሙያ ሲሸጋገር ነው። በአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የተመዘገበ ነርስ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 93,600 ዶላር ሲሆን፣ የሰመመን ሰጪ ነርስ ግን 223,210 ዶላር ነበር። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ ሙያው የሚገባ ነርስ ሁሉ በዲግሪ እንዲሠለጥን ሲደረግ፣ በብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ የጀማሪ ነርስ መነሻ እርከን እንደ ቀድሞው 5ኛ ሆኖ ቀጥሏል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2004 በሥራ ላይ የዋለው የደመወዝ ሥርዓት በዋናነት የሚመዝነው የሥራ መደቡን እንጂ የምስክር ወረቀቱን አይደለም።

በአገራችን ነርሶች በደረጃ 4፣ በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ ይሠለጥናሉ፤ በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምናና በሌሎችም ዘርፎች ልዩ ትምህርት ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረው የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባም በመርሕ ደረጃ ሥራን በነጥብ የሚመዝን ነው። መርሑ ተገቢ ቢሆንም ልማዳችን ግን አሁንም ዲግሪን ወደ መቁጠር ያዘነብላል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ሲገለጽ ጎልቶ የተሰማው የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ማደጉ ነበር። የጭማሪው አስፈላጊነት አያከራክርም፤ ሆኖም ምሩቁ የተሸከመውን ኃላፊነት ክብደት ይህ አኃዝ አይነግረንም።

የዚህ አሠራር ውጤት በሥራ ቦታ ይታያል። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳን ሕመምተኛ መከታተል የተማረ ነርስ በተለመደው የምደባ ዙር ወደ ተመላላሽ ክፍል ይዛወራል፤ በምትኩ የሚመጣውም ልዩ ሥልጠና ሳይኖረው ጽኑ ሕሙማንን ይረከባል። ዝውውሩ ደመወዝ ስለማይለውጥ ለአስተዳደሩ ወጪ የሌለው ይመስላል፤ ወጪውን የሚከፍለው ግን ሕመምተኛው ነው። ሐኪም የቱንም ያህል ትክክለኛ ትእዛዝ ቢጽፍ፣ ሌሊቱን በንቃት ተከታትሎ ለውጡን በጊዜው የሚያስተውል ነርስ ከሌለ ትእዛዙ ከወረቀት አያልፍም።

ሌላው ጉዳት ባለሙያውን ከሕመምተኛው አልጋ የሚያርቅ ትምህርት መበረታታቱ ነው። ልምድ ያካበቱ ነርሶች ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በኅብረተሰብ ጤና ወይም በአስተዳደር ሲይዙ ይስተዋላል። ይህም ሙያቸውን ስለ ጠሉ ሳይሆን የተሻለው የዕድገት በር በዚያ በኩል ስለሚገኝ ነው። ሊወቀስ የሚገባው መንገዱን የቀየሰው ሥርዓት እንጂ መንገደኛው አይደለም።

ለልዩ ሙያ የተለየ ክፍያ መመደብ በባልደረቦች መካከል ቅሬታ ይፈጥራል የሚሉ አሉ። ስጋቱ በቀላሉ የሚታለፍ ባይሆንም፣ እኩል ላልሆነ ኃላፊነት እኩል መክፈልም የቅሬታ ምንጭ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የዓለም ነርስነት ሁኔታ ዘገባ የነርሶች የትምህርት ደረጃ ከተወሰነ የሥራ ድርሻ ጋር እንዲጣጣም አሳስቧል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ልዩ ዘርፍ የሥራ ወሰኑ የታወቀ መደብና ፈቃድ ሊኖር፣ ተጨማሪ ክፍያውም ከመደቡ ጋር ሊያያዝ፣ በልዩ ሙያ የሠለጠነ ነርስም በሠለጠነበት ክፍል ሊጸና ይገባል። ከአልጋ አጠገብ ሳይርቁ እስከ ከፍተኛው ደረጃ የሚያደርስ የዕድገት መሰላል መዘርጋትም ያስፈልጋል። ይህን ጥያቄ የነርሶች ብቻ አድርገን ልንተወው አይገባም፤ የእኛም የሐኪሞች ሥራ ፍሬ የሚያፈራው በእነርሱ እጅ ነውና።