«በክልል ውስጥ የለም»፦ የቲቪ ሣጥኖቻችን አማርኛ

በየቤታችን በየምሽቱ የሚነበብ፣ እንደ ጽሑፍ ቆጥረን ግን መርምረነው የማናውቅ አማርኛ አለ። ቲቪ ላይ ተሰክቶ ዩቲዩብና ፊልም የሚያሳየን የአንድሮይድ ሣጥን ቋንቋው አማርኛ ሲደረግ፣ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ባለ ጊዜ የሚያወጣቸው አጫጭር መልእክቶች ናቸው። ተሰብስበው ቢጻፉ አንድ ገጽ አይሞሉም። የደራሲ ስም የላቸውም፤ ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ናቸው። ሆኖም ደሴ ፒያሳ ሣጥኑን ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው፣ የመጠበቂያው ክብ መሽከርከር ሲጀምር ቀድሞ የሚያነበው ይህንኑ ነው። የጽሑፉ ዓላማም ግልጽ ነው፤ ብልሽቱ የት እንዳለ ለማያውቅ ሰው ቦታውን ማሳየት። በዚህ ዳሰሳ የምመዝነውም በራሱ ዓላማ ነው።

ከመዋቅሩ ልጀምር፤ ትልቁ ጥንካሬው እዚያ ነውና። መልእክቶቹ ለየብቻ ሲታዩ የተበታተኑ ይመስላሉ። በተከታታይ ላነበባቸው ግን አንድ ትልም አላቸው። ሣጥኑ መጀመሪያ በአየር ላይ ያሉትን የዋይፋይ ስሞች ይቃኛል። ስሙን ሲያገኝ «በማረጋገጥ ላይ» ይላል፤ የይለፍ ቃሉን ከሞደሙ ጋር እያስተያየ ነው። ያ ሲያልፍ «የአይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ይላል፤ ሞደሙ በቤቱ ውስጥ የሚጠራበትን ቁጥር እስኪሰጠው እየጠበቀ ነው። በመጨረሻ ወደ ውጭ ወጥቶ አንድ የታወቀ አድራሻ ላይ ጥያቄ ይልካል፤ መልስ ከመጣለት ኢንተርኔት አለ ብሎ ያምናል። አራት በር በየተራ ይንኳኳል ማለት ነው። መልእክቱ የቆመበት ቃል የትኛው በር እንዳልተከፈተ ይናገራል። ማረጋገጡ ላይ ከቆመ የይለፍ ቃሉን፣ አድራሻው ላይ ከቆመ ሞደሙን መጠርጠር ነው። በአንዲት መስመር ይህን ያህል ማዘል የሚደነቅ ቁጠባ ነው፤ ረጃጅም የመመሪያ መጻሕፍት እንኳ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አያጠሩትም።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው መስመር ግን መገናኘቱን ነግሮ ኢንተርኔት እንደሌለ የሚያክለው ነው፦ «ተገናኝቷል፣ ምንም በይነመረብ የለም»። ላይ ላዩን ሲያዩት ራሱን የሚቃረን ይመስላል። እኛ በንግግራችን «ኔትወርክ የለም» ብለን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠቀልላለን፤ ሣጥኑና ሞደሙ አለመግባባታቸውንም፣ ሞደሙ ከውጭው ዓለም መቆረጡንም። ይህ መስመር የጠቀለልነውን ይፈታዋል። ከደሴ ተነስቶ የሐርጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መናኸሪያ የደረሰ መንገደኛ ጉዞ ጀምሯል እንጂ አዲስ አበባ ገባ አይባልም። ይህን የለየ ሰው የይለፍ ቃሉን አሥር ጊዜ እየደጋገመ አይጽፍም፤ ስልኩን አንስቶ መስመሩን ያስጠይቃል። «በይነመረብ» የሚለው ስያሜም ደህና ውልድ ነው፤ በመረቦች መካከል ያለ መረብ መሆኑ ከቃሉ ይሰማል፤ የቤት ውስጡ «አውታረ መረብ» ከተባለ ደግሞ ሁለቱ በ«መረብ» ዘመድ ሆነው በፊታቸው ይለያያሉ። «ምንም» የሚለው ግን ትርፍ ነው። «በይነመረብ የለም» ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ትርጉሙ የእንግሊዝኛውን እያንዳንዱን ቃል ለማስገባት ሲታገል የሚታይበት ቦታ ነው።

ይህ ትግል ሌላ ቦታ ከባድ ስህተት ወልዷል። ሣጥኑ ከዚህ በፊት የሚያውቀው ዋይፋይ ሲርቅበት «በክልል ውስጥ የለም» ይላል። የታሰበው የሞደሙ ሞገድ የሚደርስበት ርቀት ነው። «ክልል» በጥንቱ ትርጉሙ የተከለለ ቦታ ነውና ተርጓሚው ከመዝገበ ቃላት ያለ ምክንያት አላነሣውም። ነገር ግን ቃል የሚኖረው በአውዱ ነው። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት «ክልል» ሲባል የዕለት ተዕለት ጆሯችን የሚሰማው የአስተዳደር ክልልን ነው። በተለይ እዚህ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስልክና መብራት ተቋርጦባቸው በነበሩት በደሴና በኮምቦልቻ፣ ቀጥሎም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል በተዘጋበት ወቅት በኖረ ሰው ጆሮ፣ «በክልል ውስጥ የለም» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ ከክልሉ ጠፍቷል። እንዲህ ያነበበ ሰው እስኪለቀቅ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያስፈልግ የነበረው ግን ሞደሙን ከጓዳ አውጥቶ ሳሎን ማምጣት ብቻ ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹ የደሴ ቤቶች የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ግድግዳ ሲበዛበት ከ2.4ቱ ቶሎ ይደክማል። የቡፌ መስታወት ከኋላው የብረት ቅብ አለው፤ ሞገዱን ይመልሰዋል። «አይደርስም» ወይም «ሞደሙ ሩቅ ነው» ቢባል አንባቢው ቀና ብሎ ግድግዳውን ያይ ነበር። የተመረጠው ቃል ዓይኑን ከቤቱ አውጥቶ ወደ መንግሥት ይልከዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካየኋቸው ጉድለቶች ሁሉ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ቃሉ ስህተት ስለሆነ ሳይሆን አንባቢውን ከመፍትሔው ስለሚያርቀው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይቀርባል። ሣጥኑን አጥፍቶ ማብራት አንድ ነገር ነው፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ ሌላ። በእንግሊዝኛው ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአማርኛው ግን «እንደገና ማስጀመር» እና «ዳግም ማስጀመር» ሆነው ይመጣሉ። «እንደገና» እና «ዳግም» ተመሳሳይ ቃላት ናቸው፤ የትኛው ቀላሉ፣ የትኛው ሁሉን አጥፊው እንደሆነ ከቋንቋው ተነስቶ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በዓለም ዙሪያ ክሮምካስት የተባሉ፣ ቲቪ ላይ የሚሰኩ በርካታ የጉግል የሁለተኛ ትውልድ መሣሪያዎች በውስጣቸው የነበረው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው ስላለፈ በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ፤ ጉግል ያኔ ለተጠቃሚዎች የሰጠው ምክር መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንዳይመልሱት ነበር። ቀድመው የመለሱት መሣሪያውን አዲስ ሲያስተካክሉ ተቸግረዋል። ያን ምክር በእነዚህ ሁለት ቃላት ለአማርኛ አንባቢ እንዴት አድርጎ ማስተላለፍ ይቻላል? «አጥፍቶ ማብራት» እና «ሁሉን አጥፍቶ ከባዶ መጀመር» ቢባሉ ረዘም ይሉ ይሆናል፤ ግን ማንም አይሳሳትባቸውም።

ስለ ቃና ጥቂት ልበል። ጽሑፉ በዓረፍተ ነገር ሲናገር «ይፈትሹ»፣ «ይሞክሩ» እያለ በአክብሮት ነው፤ ወሎ ውስጥ አንቱታ የሚገባቸው ሽማግሌ ቢያነቡት ቅር አይላቸውም። ቁልፎቹ ላይ ሲደርስ ግን «እርሳ»፣ «አስጀምር» እያለ ወንድ ልጅን ያዛል። አንባቢዋ ሴት ልትሆን እንደምትችል እዚያ ተረስቷል። «መርሳት»፣ «ማስጀመር» ቢባሉ ሁለቱም ችግር በአንዴ ይቃለል ነበር። እነዚህ መልእክቶች አብዛኛውን ጊዜ ለተርጓሚ የሚደርሱት አንድ በአንድ ተዘርዝረው፣ የት ስክሪን ላይ እንደሚወጡ ሳይታይ ነው፤ ተርጓሚውን አልወቅስም፤ አሠራሩ ራሱ እንዲህ ያለውን መዛነፍ ይጋብዛል።

ከሚናገረው ይልቅ ዝም የሚልበት ቦታ ግን ያሳስበኛል። ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ያሉት አክስቴ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ሣጥናቸው መገናኘቱን እየነገራቸው ኢንተርኔት የለም ይላቸው ጀመር። ስልካቸው ግን በዚያው ዋይፋይ ይሠራል። ሄጄ ሳየው ቀኑ ላይ 2017 ተሞልቷል። ብዙዎቹ ርካሽ ሣጥኖች ውስጥ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የለም፤ መብራት ሲጠፋ ቀኑም ይጠፋባቸዋል፤ ሲበሩ ከኢንተርኔት ጠይቀው ያስተካክላሉ። የአክስቴ ሣጥን ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገው ምርጫ ተዘግቶ ነበርና ቀኑን እንዲሞሉ ጠይቋቸው በእጃቸው ሞሉት። ዘመኑ 2017 ነበር፤ ምን አጠፉ? ሣጥኑ ግን የሚያስበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የእያንዳንዱ ድረ ገጽ የደህንነት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ሣጥኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሆኖ ሲያየው «ይህ ገና አልጀመረም» ብሎ ሁሉንም በሩን ይዘጋል። ዓመቱን 2025 አድርጌ ራሱን እንዲያስተካክል ስከፍትለት ወዲያው ሠራ። የወሮቹ ስም «ጃንዋሪ»፣ «ማርች» ተብሎ በፊደላችን መጻፉ ብቻ የዘመን አቆጣጠሩ የእኛ ነው ያሰኛል። አንዲት ቃል፣ «እ.ኤ.አ.»፣ ከዓመቱ ጎን ብትቀመጥ በቂ ነበር። በአማርኛ የሚናገር ጽሑፍ የአማርኛ አንባቢ የሚኖርበትን ዘመን ማወቅ ይጠበቅበታል።

ሌላው ዝምታ አጭር ነው፤ ግን ዘመድ ከውጭ ዕቃ ያመጣለትን ብዙ ሰው ይመለከታል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የዋይፋይ መስመሮች (ቻናሎች) በአብዛኛው አገር ከ1 እስከ 13 ናቸው፤ አሜሪካ ለገበያ የሚወጡ ብዙ መሣሪያዎች ግን የሚሰሙት እስከ 11 ነው። ሞደሙ ራሱ መርጦ 12 ወይም 13 ላይ ከቆመ ከዋሽንግተን የመጣው ሣጥን የቤቱን ዋይፋይ ስም ጭራሽ አያየውም። መልእክቱም አይመጣም፤ ያላየውን ነገር ሊናገር አይችልም። ሞደሙን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ማቆም ይፈታዋል። ይህን የጽሑፉ ጥፋት አልለውም፤ የቅርጹ ወሰን ነው። ፍጥነትንም እንዲሁ አይነካም። ኔትፍሊክስ ለ1080 ጥራት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይመክራል፤ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሆኖም መስመሩ ያን ያህል ላያመጣ ይችላል፤ ፊልሙም እየተቆራረጠ ይሄዳል።

ብያኔዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ መዋቅሩ ከቋንቋው ይበልጣል። የቅደም ተከተሉ ሐሳብ የበሰለ፣ በጥቂት ቃል ብዙ የሚያስተምር ነው፤ እንዲለወጥ አልመኝም። ቋንቋው ግን «ክልል»ን እና ሁለቱን «ማስጀመሮች» ይዞ መቀጠል የለበትም፤ ማረም የሚጠይቀው ጥቂት መስመሮችን ነው። አራቱን በሮች የለመደ አንባቢ ከጉድለቶቹም ጋር ይጠቀምበታል። አክስቴ በቅርቡ ደሴ ደወሉልኝ። ከዚህ በፊት «አልሠራ አለኝ» ነበር የሚሉኝ፤ አሁን ስክሪኑን እያነበቡ «ልጄ፣ ማረጋገጡን አልፏል፤ አድራሻ እያገኘሁ ነው ብሎ ቆሟል» አሉኝ። ሞደሙን ነቅለው ጥቂት ቆይተው እንዲሰኩት ነገርኳቸው።